«ሀገር ስጠኝ» — ስለ ሪቨንና ስለ ተጫዋቾቹ

መብራት በጠፋባቸው የልጅነት ምሽቶች፣ በአንዲት ሻማ ዙሪያ ተሰብስበን የምንጫወተው ጨዋታ ነበረ።

«እንቆቅልህ?»

«ምን አውቅልህ!»

ጠያቂው እንቆቅልሹን ይጥላል፤ ተጠያቂው ያስባል፣ ይገምታል፣ ይሳሳታል። በመጨረሻ እጁን ሲሰጥ ጠያቂው እንደ ድል አድራጊ ቀና ብሎ «ሀገር ስጠኝ» ይላል። ተሸናፊውም ጎንደርን ወይም ሐረርን፣ አንዳንዴም ገና በካርታ እንኳ ያላየውን ሀገር ይሰጣል። አሸናፊው በስጦታው እስኪጠግብ ተኩራርቶ መልሱን የሚናገረው ከዚያ ወዲያ ነው።

አንድ ጥያቄ ለብዙ ዘመን ሲከነክነኝ ኖሯል። እንቆቅልሽ ያልፈታ ሰው ስለ ምን ሀገር ይከፍላል? ስለ ምን ብር አይሰጥም? ስለ ምን ቆሎ አይሰጥም? መልስ መሰል ነገር ያገኘሁት ግን ከሊቃውንት አፍ ወይም ከመጻሕፍት ገጽ ሳይሆን፣ ይህን ገጽ የምትከታተሉ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ፈጽሞ ከማትጠብቁት ስፍራ ነው፤ ከኮምፒውተር ጨዋታ። ታሪኩ ከዳር እስከ ዳር ስለ መጻሕፍት፣ ስለ ጥሩና ስለ መጥፎ ደራሲ በመሆኑ፣ እስከ መጨረሻው አብራችሁኝ እንድትዘልቁ እለምናለሁ።

*

ነገሩ የሚጀምረው ከሁለት ወንድማማቾች ነው። ራንድና ሮቢን ሚለር ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 ሳያን የተሰኘ ትንሽ ድርጅት አቋቋሙ፤ ድርጅቱም በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ በስፖኬን ከተማ አቅራቢያ ከተመ። የመጀመሪያ ሥራዎቻቸው ለሕፃናት የታሰቡ ነበሩ። ሃይፐርካርድ በተባለ የማኪንቶሽ ፕሮግራም፣ ሥዕል በሥዕል ላይ እየደረደሩ፣ ልጁ የፈለገውን ነገር ሲጫን ሌላ ሥዕል የሚከፈትበትን ዓለም ሠሩ። ማሸነፍም መሸነፍም የሌለበት፣ መዞርና መገረም ብቻ ያለበት ዓለም ነበረ።

እ.ኤ.አ. በ1993 ይህንኑ ዘዴ ይዘው ለዐዋቂዎች የሚሆን ሥራ አወጡ፤ ስሙንም ‹ሚስት› አሉት። ቃሉ በእንግሊዝኛ ጆሮ ጉምን ያስታውሳል፤ ስያሜውም ከዡል ቬርን ‹ምስጢራዊቷ ደሴት› የተቀዳ ነው። በእኛ ጆሮ ላይ ግን ምን ሆኖ እንደሚያርፍ መናገር አያሻም። አንድ ቀን የጓደኛዬ እናት በሳሎኑ በኩል ሲያልፉ፣ ልጃቸው «ሚስትን እኮ ጨርሰናታል፤ አሁን ወደ ተከታይዋ ነን» ሲለኝ ሰምተው፣ «በአሥራ ስድስት ዓመታችሁ! ምን ጉድ ነው ልጆቼ?» ብለው የቆሙበት ሁኔታ እስከ ዛሬ ያስቀኛል።

ጨዋታው የሚጀምረው አንድ መጽሐፍ ሲከፈት ነው። በገጹ ላይ አንዲት ደሴት በትንሽ መስኮት ትታያለች፤ እጅህን ስታሳርፍባት አንተው ራስህ ደሴቲቱ ላይ ትገኛለህ። ሰው የለም፤ ጠላት የለም፤ ሞት የለም፤ የሚያጣድፍ ሰዓት የለም። ያለው ነፋስና ማዕበል፣ ዝም ያሉ መኪኖች፣ ቤተ መጻሕፍትም ነው። በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሁለት ወንድማማቾች በሁለት መጻሕፍት ውስጥ ታስረው፣ የጎደሉ ገጾቻቸውን እንድታመጣላቸው ይማጠኑሃል፤ አንዱም ሌላውን ይከሳል። ማንን ታምናለህ?

ያኔ ከኮምፒውተር ጨዋታ የሚጠበቀው መተኮስና መዝለል ነበርና፣ እንዲህ ያለ ጸጥተኛ ሥራ ገበያ ያገኛል ብሎ የጠበቀ ጥቂት ነበር። ዳሩ ግን ሚስት ከስድስት ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። እ.ኤ.አ. በ2002 ‹ዘ ሲምስ› እስኪበልጠው ድረስም በግል ኮምፒውተር ጨዋታዎች ሽያጭ የሚስተካከለው አልነበረም። የሲዲ ማጫወቻ የገዙ ብዙ ቤተሰቦች የመጀመሪያ ሲዲያቸው እርሱ ነበር። ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ጨዋታዎችን መሰብሰብ ሲጀምር፣ ከመጀመሪያዎቹ 14 ሥራዎች መካከል አንዱ አድርጎ ሚስትን መረጠ።

*

እንዲህ ያለ ስኬት የገጠመው ሰው ቀላሉ መንገድ የመጀመሪያውን መድገም ነው። ሕዝቡም ተከታዩን ክፍል ይጠባበቅ ነበር፤ አንድ ተጨማሪ ደሴት፣ ጥቂት ተጨማሪ መቆለፊያዎች ቢጨመሩ ገንዘቡ ይመጣ ነበር። ወንድማማቾቹ ግን አራት ዓመት ያህል ወሰዱ። በዲዝኒው ‹አላዲን› ፊልም ላይ በምስል ንድፍ የሠራውን ሪቻርድ ቫንደር ዌንዲን አጋራቸው አደረጉት። በሦስቱ መካከል የበሰለው ሐሳብ፣ እኔ እንደማየው፣ ጨዋታውን ከጨዋታነት ወደ ሥነ ጽሑፍ ያቀረበው ነው።

ሐሳቡም ይህ ነው። በሚስት ውስጥ እንቆቅልሾቹ ደጃፍ ላይ እንደ ተንጠለጠሉ ቁልፎች ናቸው፤ ከአገሩ ብትነቅላቸው አገሩ ምንም አይጎድልበትም። በተከታዩ ክፍል ግን እንቆቅልሹ ከሕዝቡ ኑሮ ውስጥ እንዲበቅል አደረጉ። በዚያ ሀገር ሰዎች የሚቆጥሩበት፣ የሚያመልኩበት፣ የሚፈሩበትና የሚሸሸጉበት መንገድ ራሱ እንቆቅልሽ ሆነ። ሀገሩን ያወቀ ይፈታዋል፤ ሀገሩን ያላወቀ ሺህ ጊዜ ቢሞክር ምንም አይከፈትለትም።

የዚያ ሀገር ስም ሪቨን ነው። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1997 በአምስት ሲዲ ተከፋፍሎ ወጣ።

*

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ዱኒ የተባለ ጥንታዊ ሕዝብ የመጻፍ ጥበብ ነበረው፤ ጸሐፊው አንድን ዓለም በትክክለኛው ቃል ከገለጸው፣ መጽሐፉ ወደዚያ ዓለም መሻገሪያ ይሆናል። የዚህ ጥበብ ወራሽ አትረስ ነው። አባቱ ጌን ደግሞ ጥበቡ ሳይገባው ሥልጣኑን ብቻ የፈለገ ሰው ነው። ጌን ከጥንት መጻሕፍት ሐረግ እየቆረጠ፣ ትርጉሙን ሳያውቅ እርስ በርሱ እየቀጠለ ይጽፋል። ስለዚህ የጻፋቸው ዓለማት አይጸኑም፤ ይሰነጠቃሉ፣ ይፈርሳሉ። ጻፍኋቸው ለሚላቸው ሕዝቦች ግን ራሱን አምላክ አድርጎ ያቀርባል።

አንባቢ ሆይ፣ በጨዋታ ውስጥ ያየሁት እጅግ አስፈሪ ክፉ ሰው ይህ ነው። ዘንዶ ስላልሆነ፣ ጭፍራም ስለሌለው ነው የሚያስፈራኝ። መጥፎ ደራሲ ነው። የሌላውን ሐረግ ሳይገባው ገልብጦ የራሱ የሚያደርግ ደራሲ ነው። በወጣትነቴ ከታላላቆቹ ገጣሚዎቻችን ቃል እየተዋስሁ የሠራኋቸውን ግጥሞች ባስታወስሁ ቁጥር፣ ጌን በጓዳዬ ተቀምጦ ፒፓውን ሲያጨስ ይታየኛል።

ሪቨን የጌን አምስተኛ ዓለም ነው፤ እየሞተም ነው። አትረስ በጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ የዚያን ዓለም መጽሐፍ ያርማል፤ እርማቱን ካቆመ ዓለሙ ይፈርሳል፤ ስለዚህ ራሱ መሄድ አይችልም። ሚስቱ ካትሪን ግን በዚያ ታስራለች። ስለዚህ አንተን ይልክሃል፤ ጌንን በወጥመድ መጽሐፍ አስረህ፣ ካትሪንን አስፈትተህ፣ ምልክት እንድትሰጠው። ማን እንደሆንህ፣ ስምህም ማን እንደሆነ፣ ጨዋታው አይናገርም። እንግዳ ነህ፤ በቃ።

*

እንግዳ ሀገር ሲገባ ምን ያደርጋል? ያያል፤ ያዳምጣል፤ ይቆጥራል። ሪቨን የሚጠይቅህም ይህንኑ ነው። ሁለት ምሳሌ ልጥቀስ።

የመጀመሪያው ቁጥር ነው። ዱኒዎች በአሥር አይቆጥሩም፤ በሃያ አምስት ነው የሚቆጥሩት። ከአንድ እስከ አራት ያሉት አኃዞች የየራሳቸው ቅርጽ አላቸው። የአንድ ምልክት ወደ ጎን ሲዞር አምስት ይሆናል፤ የሁለት ሲዞር አሥር፤ የሦስት ሲዞር አሥራ አምስት፤ የአራት ሲዞር ሃያ። ስድስት ደግሞ አምስትና አንድ ተደርበው የሚጻፉበት ነው። ፩፣ ፪፣ ፫ እያለ የግእዝ አኃዝ የቆጠረ ሰው፣ አኃዝ ዝም ብሎ ምልክት እንዳልሆነ፣ የአንድ ሕዝብ የአስተሳሰብ አሻራ እንደሆነ ይገባዋል።

ይህን ቁጥር ማን ያስተምርሃል? ማንም። በመንደሩ አጠገብ ግን አንዲት ባዶ የሕፃናት መማሪያ ክፍል አለች፤ በውስጧም አንድ መጫወቻ። ሁለት ትንንሽ የሰው ምስሎች በገመድ ተንጠልጥለዋል፤ ከሥራቸው አፉን የከፈተ የባሕር አውሬ አለ። መጫወቻውን ስታንቀሳቅሰው አንድ የዱኒ አኃዝ ይወጣል፤ የተንጠለጠለውም ሰው በአኃዙ ልክ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ወደ አውሬው ይወርዳል። ስንት ጊዜ ቀጭ እንዳለ ቆጥረህ ምልክቱን ትጽፋለህ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እስከ አሥር ትቆጥራለህ፤ የቀረውን ቅርጹን አይተህ ራስህ ትደርስበታለህ።

ቁጥሩን ተማርሁ ብለህ ስትደሰት ግን ሌላ ነገር ይገባሃል። ይህ የሕፃናት መጫወቻ ነው። የዚህ ሀገር ልጆች ቁጥር የሚማሩት ሰው ለአውሬ ሲሰጥ እየቆጠሩ ነው። ጌን እምቢ ያለውን ሰው ለዚያ አውሬ ይሰጣል፤ ፍርሃትንም ከቁጥር ጋር በአንድ ትምህርት ያስተምራል። አንዲት ቃል ሳይነገር የአንድን አገዛዝ ባሕርይ ተረዳህ። እንቆቅልሹን መፍታትና ሀገሩን ማወቅ አንድ ድርጊት ሆኑ የምለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው የእንስሳቱ እንቆቅልሽ ነው። በልዩ ልዩ ስፍራ ዓይን የመሰሉ የእንጨት ድቡልቡሎች አሉ፤ ሲነኩ ዞረው የአንድ እንስሳ ድምፅ ያሰማሉ፤ በጀርባቸው ቁጥር ተቀርጿል። ድምፁ የማን እንደሆነ ለማወቅ እንስሳውን በኑሮው ማግኘት አለብህ። በባሕሩ ዳር ፀሐይ የሚሞቁትን ፍጥረታት ለማየት ቀስ ብለህ መቅረብ አለብህ፤ ከተጣደፍህ ወደ ውኃው ይገባሉ። እንቁራሪቷን ለመስማት ወጥመድ አጥምደህ መጠበቅ አለብህ። በመጨረሻ፣ በጨለማ ክፍል ውስጥ በክብ የቆሙ 25 ድንጋዮች ታገኛለህ፤ በየድንጋዩ ላይ የእንስሳ ሥዕል አለ። አምስቱን በትክክለኛው ተራ ከነካህ፣ ጌንን የሚቃወሙት ስውር ወገኖች ወደ ተሸሸጉበት ዓለም መንገዱ ይከፈትልሃል። የይለፍ ቃላቸው የገዛ ምድራቸው ፍጥረታት ናቸው፤ ጌን ሀገሩን ስለሚገዛ እንጂ ስለማያውቀው አይደርስበትም።

*

እንግዲህ ተጫዋቾች ይህን እንዴት ተቀበሉት?

ሽያጩ የሚያኮራ ነበር፤ በአጭር ጊዜ ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። ሥዕሉን ያላደነቀ አልነበረም፤ የዛገው ብረት፣ የተጠረበው ድንጋይ፣ የውኃው ብርሃን፣ ሮቢን ሚለር ራሱ የደረሰው ሙዚቃ፣ ያኔ ከነበረው ሁሉ የላቀ ነበር። ማንጎራጎሩም አልቀረም። ከደሴት ወደ ደሴት በተሻገሩ ቁጥር ሲዲ መለወጥ ያሰለቻል ተባለ። ከሁሉ በላይ ግን «ከበደ» ተባለ። ሚስትን ከቤተሰቡ ጋር በደስታ የጨረሰ ብዙ ሰው፣ በሪቨን ጉልላቶች ሥር ቆሞ ቀረ። አንዱን ፍንጭ ለማግኘት ሰዓታት፣ ትርጉሙን ለመረዳት ቀናት ያስፈልጋሉ፤ የሁለት ደሴቶች ፍንጭ በሦስተኛው ላይ ይገጣጠማል፤ ጨዋታውም «ልክ ነህ» ብሎ አያበረታታም። የመፍትሔ መጻሕፍት በየመደብሩ ተሸጡ።

ሌሎቹ ደግሞ በተቃራኒው፣ ይህ ክብደት ለተጫዋቹ የተሰጠ ክብር ነው አሉ። ደብተር ገዝተው ሥዕል ሣሉ፤ ምልክት ገለበጡ፤ ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ በአንድ ስክሪን ፊት ተቀምጠው ተከራከሩ። ለነዚህ ሪቨን የተጨረሰ ጨዋታ አልነበረም፤ የተኖረበት ሀገር ነበረ።

ይህ ክርክር ለእኛ አዲስ አይደለም። የሚከብድ ግጥም አንባቢን ይንቃል ወይስ ያከብራል? ወርቁን ከሰሙ ሥር የደበቀ ባለቅኔ ስስታም ነው ወይስ ለጋስ? በቅኔ ቤት ተማሪው ምሥጢሩን ራሱ እስኪደርስበት ድረስ ለምን ይጠበቃል? ሁለቱንም ወገን እረዳለሁ፤ በሁለቱም በኩል ቆሜ ስላየሁት።

*

አሁን ኑዛዜዬን ልናገር። በእኛ አቆጣጠር 1998 ዓ.ም. ገደማ ነው። የጓደኛዬ አጎት ከባሕር ማዶ ሲመጡ አምስቱን ሲዲዎች አመጡለት። ጨዋታው ያኔ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር፤ ለኛ ግን ትናንት የተሠራ ያህል ነበር። ከትምህርት ቤት እንደወጣን ወደ ቤታቸው እንሮጣለን፤ እሱ ማውዙን ይይዛል፣ እኔ ባለ 50 ሉክ ደብተሬን። ቃል ተገባብተን ነበር፤ ማንንም አንጠይቅም፣ የትም አናነብም፣ ሁለታችን ብቻ እንፈታዋለን።

ቁጥሩን ፈታን። ያን ዕለት ማታ በመንገድ ላይ የመኪና ታርጋ ወደ ሃያ አምስት ቤት እየለወጥን ቤታችን ገባን። ከዚያ ድንጋዮቹ ክፍል ደረስንና ቆምን። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አንድ ወር። ጓደኛዬ ቸኩሎ አያውቅም፤ «እንደገና ከባሕሩ ዳር እንጀምር፤ ያልሰማነው ድምፅ አለ» ይላል። እኔ ግን አልቻልሁም። አንድ ቅዳሜ ብቻዬን ወደ ኢንተርኔት ካፌ ሄድሁ፤ ሙሉ መፍትሔውን አግኝቼ የሚያስፈልገኝን ሦስት ገጽ አሳተምሁ፤ በገጽ አንድ ብር ከፈልሁ። ወረቀቱን አጥፌ በካልሲዬ ውስጥ ከተትሁት።

ሰኞ ዕለት፣ ድንገት እንደበራልኝ ሰው ሆኜ፣ «ቆይ፣ ይሄ የእንቁራሪት ድምፅ አይደለም?» አልሁ። አምስቱን ድንጋዮች በተራ አስነካሁት። በሩ ተከፈተ። ጓደኛዬ ከወንበሩ ተነሥቶ አቀፈኝ፤ እናቱን ጠርቶ «ይሄ ልጅ ጭንቅላቱ ሌላ ነው!» አላቸው። እሳቸውም በርበሬ በነካው እጃቸው ሳይነኩኝ፣ በክንዳቸው ራሴን ደባብሰው መረቁኝ።

ከዚያ በኋላ ያየሁት ዓለም ለእሱና ለእኔ አንድ አልነበረም። በዚያ ስውር ስፍራ፣ በሐይቁ መካከል የቆመውን የዛፍ መንደር ሲያይ፣ ጓደኛዬ ዝም ብሎ ቀረ። እኔ ግን ደብተሬ ውስጥ ያልተጻፈ መልስ ይዤ የገባሁ ሌባ ነበርሁ። ሥዕሉ ያው ሥዕል፣ ሙዚቃውም ያው ሙዚቃ ነበር፤ ሀገሩ ግን አልገባኝም። ጌንም እኮ እንዲሁ ነበር፤ የሌላውን ሐረግ ገልብጦ በር የከፈተ፣ የገባበትን ግን ያላወቀ።

«ሀገር ስጠኝ» ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ ብዙ ቆይቼ ነው። መልሱን በችሮታ የተቀበለ ሰው፣ በእርግጥም ሀገር ይከፍላል። መልሱን ፍለጋ ሊዞርበት፣ ሊሳሳትበትና ሊያውቀው ይችል የነበረውን ሀገር አሳልፎ ይሰጣል። አያቶቻችን ዋጋውን በትክክል ተምነውታል።

*

የሪቨን ተጫዋቾች ታሪክ ግን በ1997 አላበቃም፤ እንዲያውም የሚገርመው ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ሮቢን ሚለር ከሪቨን በኋላ ሳያንን ለቀቀ። ቀጥለው የመጡትን ሁለት ክፍሎች፣ እ.ኤ.አ. በ2001 እና በ2004፣ ሌሎች ድርጅቶች ሠሯቸው። ሳያን ራሱ በ2003 ‹ኡሩ› የተሰኘ ሥራ አወጣ። ሰዎች በኢንተርኔት ተገናኝተው በዱኒ ፍርስራሽ ውስጥ አብረው እንዲኖሩ የታሰበው የኡሩ ክፍል ግን በ2004 መጀመሪያ ተዘጋ። ያኔ ተጫዋቾቹ ያደረጉት ተመራማሪዎችን ሳይቀር ያስደነቀ ነበር። ራሳቸውን «የኡሩ ስደተኞች» ብለው፣ በቡድን ወደ ሌሎች የኢንተርኔት ዓለማት ተሰደዱ፤ በዚያም የጠፋችባቸውን ሀገር አደባባይና ፏፏቴ በትዝታ መልሰው ሠሩ። ስደት ምን እንደሆነ በሥጋው ለሚያውቅ ሕዝብ ቃሉ የተጋነነ ይመስላል፤ እኔም አላነጻጽርም። ሰው የለፋበትን ምናባዊ ሀገር እንኳ እንዲህ እንደሚናፍቅ ግን ልብ ይሏል።

እ.ኤ.አ. በ2005 ሳያን ሠራተኞቹን ከሞላ ጎደል አሰናብቶ ሊዘጋ ተቃርቦ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ነፍስ ዘራ። በ2010 ኡሩን በነጻ መልሶ ከፈተው፤ ወጪውንም ተጫዋቾች በመዋጮ ደገፉ። በ2013 ለአዲስ ሥራ ከሕዝብ ገንዘብ ሲጠይቅም የድሮዎቹ ተጫዋቾች ደረሱለት። ሥራው ‹ኦብደክሽን› ተብሎ በ2016 ሲወጣ፣ ሙዚቃውን የደረሰው ያ የተለየው ወንድም፣ ሮቢን ነበር።

ከሁሉ የበለጠ ልቤን የነካኝ ግን ‹ስታሪ ኤክስፓንስ› የተባለው ቡድን ነው። የመጀመሪያው ሪቨን ዝም ብለው በቆሙ ሥዕሎች የተሠራ በመሆኑ፣ በመካከላቸው መራመድ አይቻልም። እነዚህ በጎ ፈቃደኞች፣ ያለ ደመወዝ፣ ከሥራ ሰዓታቸው ውጪ፣ በነጻነት የሚራመዱበትን ሪቨን ድንጋይ በድንጋይ ለመሥራት ከአሥር ዓመት በላይ ደከሙ። በመጨረሻም የደከሙበትን ለሳያን አስረከቡ፤ ሳያንም በ2022 ሪቨንን እንደ አዲስ እንደሚሠራ አስታወቀ፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በጁን 2024 ወጣ። «ከበደ» ተብሎ የታማውን ሥራ ሃያ ሰባት ዓመት ተሸክመው ያሻገሩት፣ የከበዳቸውና ያልተዉት ሰዎች ናቸው።

አዲሱ ሪቨን የድሮው ቅጂ ብቻ አይደለም። ሠሪዎቹ አንዳንዶቹን እንቆቅልሾች ለወጧቸው፤ የእንስሳቱም እንቆቅልሽ ተለውጧል፤ አንዳንዱም መልስ ለየተጫዋቹ ይለያያል። የቀድሞውን በልቡ የያዘ አንዳንድ ሰው ቅር መሰኘቱ አልቀረም። እኔ ግን ዜናውን ሳነብ ሳቅሁ። የሃያ ዓመት መልስ በካልሲው ውስጥ የደበቀ ሰው፣ አሁን ምንም አልያዘም ማለት ነውና።

በዚያው ዓመት ክረምት ጓደኛዬ ደወለልኝ። እሱም እንደ ብዙዎቹ የዘመን እኩዮቻችን ሀገር ለቆ ከሄደ ቆይቷል። አዲሱን ገዝቶ ኖሮ፣ «ና፣ እንደ ድሮው፤ እኔ ማውዙን፣ አንተ ደብተሩን» አለኝ። እሱ በዚያ ጫፍ ስክሪኑን በስልኩ ካሜራ እያሳየኝ፣ እኔ ከባንኩ መስኮት ወጥቼ በመጣሁበት ምሽት አዲስ ደብተር ገልጬ ጀመርን። ከመጀመሪያው ደሴት ሳንሻገር፣ ሦስቱን ገጽና ካልሲዬን ነገርሁት።

ጥቂት ዝም አለ። ከዚያም፣ «አውቅ ነበር» አለኝ። «እንቁራሪት ነው ስትል፣ ድምፁን ገና አልነካነውም ነበር እኮ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርህም?»

«እማዬ መርቃህ ነበራ» አለና ሳቀ። «በል አሁን ሀገር ስጠኝ።»

የትኛውን እንደምሰጠው አሰብሁ። እሱ የሌለበትን፣ እኔ ያለሁበትን፣ ማታ ማታ መብራት ሲጠፋ ሻማ የምናበራበትን ሰፈር ሰጠሁት። በደስታ ተቀበለኝ። ደብተሩም እነሆ አሁን ግማሽ ደርሷል፤ ያልፈታነው ብዙ ነው፤ አንቸኩልም።

እንቆቅልህ ቢለኝ፣ ምን አውቅልህ ብዬ፣
ሀገሬን ሰጠሁት ሳልለፋ ቸኩዬ፤
ዛሬ ግን ወዳጄ፣ መልሱን አትንገረኝ፣
ስቼ ስቼ ልዙር፣ ሀገሩ ይግባኝ።

ቸር እንሰንብት።